ጎሳ የሌለው ምላጭ

ለውድ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሀሲና፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ተሻለው ወይ? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ፣ ማሽላውስ አፈራ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም የግመል ወተት አወፍሮኛል፣ ብታዪኝ ነጋዴ ነው ትያለሽ።

ጽሕፈቱን አየሽው? የራሴ ነው! እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ ሰው "በእንባ ነው የማጽፍልሽ" እያለ ይጨምርብኝ ነበር፤ እኔ መቼ አለቀስኩ! የማታ ትምህርቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኜ ጨርሻለሁ። ሁለተኛ የወጡት መነጽራቸው የጠፋባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ግን ለሰው አትንገሪ።

ዋናው ወሬዬ ስለ ምላጬ ነው። እዚህ ሐርጌሳ የፀጉር ማስተካከያ ወንበሬን የምዘረጋው በባለሱቁ በሐጂ ሀይቤ በረንዳ ላይ ነው። ሐጂ በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ተሰደው ስለኖሩ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው። እንደ ከተማው ሰው ሁሉ እሳቸውም 26 ጁን ሰፈር የፈረሰ ቤታቸውን እየገነቡ ሳለ፣ ከግንበኞቹ አንዱ፣ ፈርሐን የሚባል ጎልማሳ፣ ገና ያልተገጠመውን የብረት በር ሰርቆ ሸጠው። ተያዘ። እዚህ አገር እንዲህ ያለው ነገር ፖሊስ ጋ ሳይደርስ በጎሳ ሽማግሎች ያልቃል። ኢጋል የሚባሉ ሽማግሌ ዳኝተው፣ የፈርሐን ዘመዶች በሩን ፈልገው መለሱ፣ ፈርሐን በገዛ እጁ ገጠመው፣ በግ ታረደ፣ ፋቲሐ ተቀራ። ከበጉ እኔም ደርሶኛል፤ ስለዚህ ዕርቁ መጽናቱን በሆዴ እመሰክራለሁ።

የሐጂ ንዴት ግን አልበረደም። አንድ ቀን መጥተው "ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ገበያተኛው እያየ፣ የፈርሐንን ግማሽ ራስ ላጭተህ ግማሹን ተወው። እሱንም ‘እምቢ ካልክ በዚህ ከተማ ድንጋይ የሚያሸክምህ አታገኝም’ ብዬዋለሁ፤ እሺ ብሏል" አሉኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ "ግማሽ ራስ ምን አላት! ሻይዎ ሳይበርድ!" አልኳቸው። ቀጥዬም "መቀሳቸውን ከዱባይ ያስመጡ የአገርዎ ልጆች ሞልተው እኔን የመረጡኝ ለችሎታዬ ነው አይደል?" አልኩ። ሳቁብኝ። "የኛ ሰው ቢላጨው ሰው አዋረደ ተብሎ ጎሳው ካሳ ይከፍላል። አንተ ሐበሻ ነህ፤ ማን አለህና ማንን ይጠይቃሉ?" አሉኝ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዳሚ ሰፈር፣ ቤቴ እስክደርስ ግን ሳቄ አለቀ። ሌባ ይቀጣ እትዬ፤ ሳሙናዬን የሰረቀኝን ብይዘው እኔም አልስመውም። ግን ፈርሐን በሩን መልሷል፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠይቋል፤ ቅጣቱን ጨርሷል። ታዲያ ይኼ ትርፉ ምን ይባላል? በነሱ እጅ ሲሆን ካሳ የሚያስከፍል በደል፣ በኔ እጅ ሲሆን እንዴት ፍርድ ሆነ? ራሱ ያው ራስ፣ ምላጩ ያው ምላጭ! ፀጉሩ በወር ይበቅልለታል፤ ገበያ ያወጣለት ስም ግን መቼ ይለቀዋል? እምቢ ብል ደግሞ በረንዳው የሳቸው ነው፤ ወንበሬን ተሸክሜ የት ልሂድ?

ሐሙስ በረንዳው በሰው ግጥም አለ። ፈርሐን ተቀመጠ። ፎጣውን ሳስርለት አንገቱ በላብ ርሷል፤ በሶማሊኛ ቀስ ብሎ "ቶሎ ጨርሰኝ" አለኝ። ወንድምሽ እንደ አንበሳ ቆመ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ሳሙናውን ግን ሁለቴ ጣልኩት። ምላጩን ከፍቼ እጀታውን ወደ ሐጂ አዞርኩና "ሐጂ፣ ፍርድ ከሆነ እርስዎ ይላጩት፤ ፎጣውን እኔ እይዛለሁ" አልኳቸው።

ጥግ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩት ኢጋል ብርጭቋቸውን አስቀምጠው "ያዝ እንጂ ሀይቤ! እኛ ካሳውን ለመቁረጥ እዚሁ ቁጭ ብለናል" አሉ። ሐጂ ምላጩን ተቀበሉኝ። ፈርሐንን አዩት፣ ከኋላ የቆሙትን ወንድሞቹን አዩ። ከዚያ ምላጩን ሳሙናው አጠገብ አስቀመጡትና "ይሄ ልጅ ማታ ማታ የሚማረው ፊደል ነው ወይስ ሕግ?" አሉ። "ተነስ አንተ!" ብለው ፈርሐንን አስነስተው ራሳቸው ተቀመጡ። "ይህን ሁሉ ሰው ጠርቼ በባዶ አልበትንም፤ ጢሜን አስተካክል።" እኔም ስቸኩል አገጫቸውን ጫር አደረግኋቸው። "የዚህን ደም ካሳ ከማን ልጠይቅ?" ቢሉኝ፣ "ማን አለኝና ሐጂ!" አልኳቸው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም አረፋቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

ፈርሐን አሁን 31 ሜይ ሰፈር ግንብ ላይ ነው፤ ሳልፍ እጁን ያነሳልኛል። ሐጂ ሰላምታ ገና አይሰጡትም፤ እሱን ደግሞ የሚያስገድዳቸው የለም። ወንበሬም ከበረንዳው አልተነሳችም።

አክስታችንን ኡምሰልማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ዱዓዋ ሐርጌሳ ድረስ ይደርሳል በያት። ልጅሽን ፈትሂያን አጎትሽ ካሁን በኋላ በራሱ እጅ ይጽፍልሻል በያት፤ መልሱን እሷ ትጻፍ፣ ስሕተቷን አርሜ እልክላታለሁ። ለባልሽ ለሙሐመድአወል ሰላምታዬን ከጥያቄ ጋር አድርሺልኝ። በቀበሌው ሽምግልና ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ የለ? ይህችን ደብዳቤ ከፍ አድርገሽ አንብቢለትና፣ በሰው ላይ ቅጣት መጨመር ሲያምረው፣ የጨመረውን በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጁ፣ ስሙ እየተጠራ ያደርገው እንደሆነ ጠይቂው። ከተቆጣም ሐርጌሳ ድረስ ይምጣ፤ በግማሽ ዋጋ ሙሉ ራሱን እላጨዋለሁ።

ወንድምሽ ሙሰዓብ
ሐርጌሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 1993 ዓ.ም.