ባለ አረንጓዴ መስመሩ ጣቃ

ሐረር፣ ኅዳር 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ እንዴት ናቸው? የድሬ ሙቀት ያወጣብሽ ሽፍታስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ላንቺ ምን አስዋሸኝ? 

ይህን የምታነቢው የቀሚሱን እጥፋት ተርትረሽ ነው። ቀሚሱን ለብሳ በርሽ ላይ የቆመችውን ረዥም ኮረዳ አይተሽ ከደነገጥሽ፣ አዎ፣ ዓለሙ ነው፤ ልጄ ነው። ከፈለግሽ ሳቂ፤ እኔም ስለካው ስቄያለሁ።

ወጣቱን ለውትድርና ከየመንገዱ ማፈስ ከጀመሩ ወዲህ ጀጎል ውስጥ ወዳጄ ዘይነባ ቤት ደብቄው ነበር። እንደ ሴት አልብሰን አንቺ ጋ ልናወርደው ተማከርን። የዘይነባን ቀሚስ ብናለብሰው ጉልበቱ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ለመኪና ግርግር ሰፈር ልብስ ሰፊዎች አንድ ቀን እንኳ ቁራጭ ጨርቅ ሰጥቼ አላውቅም። ራሴ ልስፋለት አልኩ። ቤት የነበረኝ ደግሞ አምና ከላክሽልኝ ባለ አረንጓዴ መስመር ጣቃ የተረፈው ብቻ ነበር።

ያንን ጣቃ የዘረጋሁ ዕለት የተሰማኝን ደስታ ብነግርሽ አታምኚኝም። ለዓለሙ አባት ሸሚዝ፣ ለእኔ ቀሚስ፣ ለዓለሙ ሸሚዝ፣ ለመስኮቱ መጋረጃ አወጣሁለት። ለእንቁጣጣሽ ለብሰን ስንወጣ ሰፈሩ መጋረጃውን ለምን ቤት ጥላችሁት ወጣችሁ እያለ ሳቀብን። ይሳቅ። መቀስ ጨርቁን ይዞ ሲሄድ፣ ልጄ እጁን በእጅጌው ሰዶ ልክክ ሲልለት ልቤ እንዴት እንደሚሞላ እነሱ በምን ያውቁታል? ለዓለሙ የትምህርት ቤት ጓደኛ ለሳኒም ከዚያው ላይ ሸሚዝ ሰፋሁለት። እናቱ ዘሀራ እጄን ስማ መረቀችኝ።

የሳኒ አባት አሕመድ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነው። አምና ሳኒን በገዛ እጁ አስመዝግቦ ጦር ሜዳ ሲልከው በስብሰባ ላይ ተጨብጭቦለታል። ከወታደሮቹ ሁሉ አብልጬ የምፈራው እሱን ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ቤት ተንበርክኬ፣ ስፒል በአፌ ነክሼ የቀሚሱን እጥፋት ስይዝ አሕመድ አንድ ወታደር አስከትሎ ገባ። ዘይነባ ወላሂ ከገጠር ከሶፊ የመጣች የእህቴ ልጅ ናት፣ ታማለች ብላ ማለች። ዓለሙ ሻርፑን እስከ አፍንጫው ስቦ አንገቱን ደፋ። አሕመድ ግን ፊቱን አላየም። ቀረብ ብሎ እጅጌውን ያዘና ጨርቁን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ያን ጊዜ ነው ሞኝነቴ የገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ጨርቅ፣ የገዛ ልጁ ለብሶት የሄደውን ጨርቅ፣ መደበቂያ ብዬ ሰፋሁት! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይኸው ነው። ልጄን በመርፌዬ ገደልኩት አልኩ። ጮኼ እንዳልለምነው አፌ ስፒል ሞልቶታል።

አሕመድ እጅጌውን ቶሎ አልለቀቀውም። ከዚያ ወደ ወታደሩ ዞሮ ልጅቷን እንደሚያውቃት፣ የሶፊ ዘመዱ እንደሆነች ነገረውና ይዞት ወጣ። ዘይነባ አልሐምዱሊላህ እያለች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኔ እስካሁን ምላሴን ያመኛል፤ ስፒሉ ወግቶት።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አሕመድ ብቻውን ቤቴ መጣ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ሱሪ ሰጠኝና ለዓለሙ ቁመት አሳጥሪው አለኝ። ልጁ ከከተማ ሲወጣ የወንድ ልብስ ያስፈልገዋል ብሎ ነው። ፈትቼ ሳየው የሳኒ የትምህርት ቤት ሱሪ ነው። ሳኒ ከዓለሙ በስንዝር ይረዝማል። ለፈቃድ ሲመጣ ያጥርበታል እኮ አልኩት። ሱሪውን በመዳፉ ዳበስ አደረገው።

«አያጥርበትም» አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ ለዘሀራ ምንም እንዳልነግራት አደራ አለኝ።

እህቴ፣ የልጇ መርዶ ገና አልተነገራትም። ዘሀራ እኮ በዚህ ሳምንት አዲስ ጨርቅ አምጥታ፣ ለሳኒ ሸሚዝ ስፊልኝ፣ ጦሩ ትከሻውን ሳያሰፋው አይቀርምና ትርፍ ተዪለት ብላኝ ሄዳለች። ጨርቁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መቀሴን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ነገ ዘይነባ ልጄን ይዛልሽ ትወርዳለች። ሱሪው ከጓዟ ውስጥ አለ። ከዚያ በባቡር የማሸሹን ነገር ባለቤትሽ ያውቅበታል። ይህን ወረቀት አቃጥዪው፤ የአሕመድ ስም አለበት። ቀሚሱን ግን አትጣይው፤ ጎኑ ላይ ሰፊ ትርፍ ትቼበታለሁ፣ ስትፈቺው ጥሩ ሸሚዝ ይወጣዋል። ዓለሙ ሱሪውን ማወቁ አይቀርም። ከጠየቀሽ ሳኒ ነው ያዋሰህ በይው።

የእናታችን አምላክ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፤ ልጆችሽን ለሰርጋቸው ልብስ ያብቃልሽ። ለእኔም፣ ለዘሀራም ጸልዪልን።

ታናሽሽ