የኮሽም አምሮት

ማክሰኞ
ምነው አፌን በያዘኝ! “ኮሽም አማረኝ” ባልል ኖሮ ሰይድ ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ልብስ ሰፍቶ ሲመለስ ቀጥ ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። እርጉዝ ያማራትን ካጣች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ይባል የለ? ባሌ ይህን ፈርቶ መንገድ ላይ ከመኪና ወርዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ኪሱን ኮሽም ሞልቶ፣ ቀኝ ዓይኑን በመሐረብ ይዞ መጣ። “እሾኹ ነካ አደረገኝ እንጂ ደህና ነኝ” ይላል።

ረቡዕ
ዓይኑ አብጧል፤ ያነባል። አማቴ ከጎረቤታችን አራስ የጡት ወተት ለምነው አመጡና ጠብ አደረጉለት። ሐኪም ቤት ይሂድ ብል “እኛ ስንት እሾህ አይተናል!” አሉኝ። ኮሽሙ ሳህን ላይ ነው። አልነካሁትም።

ሐሙስ
ሲያቃስት አደረ። ጠዋት ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ በመብራት አየና “ምን ጨመራችሁበት?” አለ። አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ቁስሉ መርቅዟል። አስተኙት። ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ ገና አይታወቅም አሉን። በአንድ ዓይን ልብስ ይሰፋል? ማንን ልጠይቅ?

ዓርብ
አማቴ ሳህኑን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።
“ብይ።”
“አልችልም፣ እማ።”
“ምነው? ልጄ ዓይኑን የሰጠበት ሸጋ ኮሽም በስብሶ ሊጣል ነው? ብይ እንጂ!”
እያለቀስኩ በላሁ። ጥርሴን አጠረሰኝ። ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ። ሳህኑን ጨረስኩት። አማቴ ባዶውን ሳህን ሲያዩ እሳቸውም እንባቸው መጣ። “ወተቱን ያደረግሁበት እኔ ነኝ” አሉ። እስከ ዛሬ እኔን የሚጠሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ
ትኩሳቱ ወረደ። ትንሽ ሾርባ ጠጣ። ሊጠይቀው የመጣ አንድ ጎረቤት “ሌላ ዓይን አለህ አይደል!” አለው፤ ማጽናናቱ ነው። ምላሱን ይቁረጠው። ለነገ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ብርቱካን። ልጁ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ዋለ። ለሰይድ አልነገርኩትም፤ መደሰት ነውር መሰለኝ።

እሑድ
ፋሻው ተነሣ። መግሉ ቆሟል፤ ዓይኑ ከቦታው አለ። አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ሲወጣ ሰይድ ደህናውን ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ወደኔ ዞረ።
“ምን ይታይሃል?” አልኩት።
“ብርሃን አለ።”
“እኔስ?”
ትንፋሹ ጉንጬን እስኪነካኝ ድረስ ፊቴን ወደ ፊቱ አስጠጋሁ።
“አንቺ ገና ነሽ” አለኝ።