ለወንድምሽ የከለከልኩት ውሃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርስ አበቀለች ብለሽኝ ነበር፤ ይሄኔ መንከስም ጀምራ ይሆናል። እኔን አታስቢ። ጎረቤቶቼ ካልቀመስሽ እያሉ ስለሚቆጡኝ እበላለሁ፣ ሲመሽ እተኛለሁ። ግን በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ድምፅሽን ስሰማ ወሬ እየቀየርኩ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድም ታግሰሽ አንብቢልኝ።

ወሬው የደረሰኝ ቀን የጎመን ችግኝ እየተከልኩ ነበር። ድሮ መኪና ማቆሚያ የነበረውን ቦታ ታስታውሺዋለሽ። ነዳጅ መምጣቱ ከቀረ ወዲህ የሰፈሩ ሰው አስፋልቱን ፈልጦ አንስቶ፣ ከየቤቱ የወጣ ልጣጭና አመድ እያለበሰ አፈር አደረገው። ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣችና «ልጅሽን ትንሽ ስላዞረው ነው፣ ነይ» አለችኝ። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣውን ልንገርሽ። ውሃ ሊያመጣ የሄደ መስሎኝ «ውሃውን ደፋው እንዴ?» ነው ያልኳት። ደኅና ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ውሃውን ነው የጠየቅኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድምሽ ነዳጅ ይቀዳበት የነበረው ማደያ ሲዘጋ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም። ከታችኛው ጉድጓድ ውሃ በጋሪ እየገፋ ያመጣል፤ እኔ ደግሞ የውሃው ቁልፍ በእጄ ስለሆነ ለየቤቱና ለአትክልቱ አካፍላለሁ። ሲቀዳ ልማዱ አለቀቀውም፤ የሰውን ጀሪካን ተቀብሎ «ቤንዚን ነው ናፍጣ? ልሙላው?» ይል ነበር። አሮጊቶቹም አይለቁትም፤ «ናፍጣ አድርግልኝ፣ ሞተሬ አርጅቷል» ይሉታል። ሰልፉ በሳቅ ነበር የሚያልቀው።

ዘንድሮ የሰፈሩ ኮሚቴ አንድ ነገር አሰበ። ከማደያው መሬት ሥር ያለው የነዳጅ ታንከር ባዶ ነው፤ ታጥቦ የጣሪያዎቹ ሁሉ ዝናብ ወደ እሱ ቢገባ በበጋ ጋሪ መግፋት ይቀርልናል ተባለ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። ወንድምሽ ብቻ «ባዶ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ሆዱ ገና አልጠራም። ሽታው እንዲወጣ በውሃ ሞልተን እንድፋው፣ ደግመን እንሙላው፣ ከዚያ ክፍት ሆኖ ይሰንብት። ሰው የሚገባበት ከዚያ በኋላ ነው» አለ። መካኒኩም ደገፈው። ያ ጋራዡ ባዶ ሲቀር በአሮጌ የመኪና ጎማ ጋሪ እየሠራ ሰፈሩን ያቆመው መካኒክ ማለቴ ነው።

ደመናው ከብዶ ነበር። እኔ ዝናቡ ሳይያዝ እንዳያመልጥ ሰጋሁ፤ ችግኙም ጠውልጎብኛል። ቁልፉን ስጪኝ ሲለኝ «ለችግኝ ያጣሁትን ውሃ ባዶ ብረት ውስጥ አላፈስም» አልኩት። መካኒኩ ጣልቃ ሲገባ ደግሞ «አንተ ዝም በል፣ ፈሪ» ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኩት። ለወንድምሽም «ዕድሜህን ሙሉ ቤንዚን ሲሸትህ የኖርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ሽታ አስፈራህ?» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀና «እሺ እማዬ፣ አንቺ ካልሽ» አለኝ። በማግስቱ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ገባ። ሥር የቀረውን ዝቃጭ በጨርቅ መጥረግ ሲጀምር ነው አሉ ሽታው ተነሥቶ ያፈነው። ገመዱን የያዘው መካኒኩ ነበር። ጎተተ፤ ግን ትከሻው ጠባቡ አፍ ላይ ተያዘበት። ሲያወጣው ትንፋሹ የለም። የሰውየው መዳፍ ተገሽልጦ ደም በደም ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንቺ የላክሽውን መልእክት ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሳለ ልብስ አጣቢዋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ወንድሜን የገደለው ገመድ ያዡ ነው» ብለሽ ነበር። መካኒኩ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሰማ። ተነሥቶ ወጣ። እኔ ልጄ፣ እውነቱን ይዤ ራሴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጋሪ የሚያሠራው የለም፤ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ።

ኋላ ኅሊናዬ ሲያስጨንቀኝ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ውሃውን የከለከልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ያን ቀን አብረው የሳቁት እንኳ ጥፋቱ የገመድ ያዡ ነው ብለው አላመኑኝም። «ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ውሃ ስጧት» አሉ። ውሃ ስጧት! ቁጭ አደረጉኝ።

ዝናቡ ከቀብሩ በኋላ መጣ። ያ የሰሰትኩት ውሃ ዛሬ መንገዱን ሞልቶ በከንቱ ይፈሳል። ታንከሩ በአፈር ይደፈን ያሉ ነበሩ፤ መካኒኩ ግን ወንድምሽ እንዳለው ከላይ ሆኖ በዝናቡ ውሃ እየሞላ በእጅ ፓምፕ መልሶ ይስባል። ማንም አያግዘውም። እኔ ባልዲዬን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ። የሚስበውን እየተቀበልኩ እደፋለሁ። አፌን ካላመኑ ይዩኝ ብዬ ነው።

ልጄ፣ ለዚህ ሰው ቃል ላኪለት። የእኔን አላመኑም፤ የአንቺን ግን ያምናሉ፤ በእሱ ላይ የፈረዱት በአንቺ ቃል ነውና። በሰው ፊት የሚነበብ አድርገሽ ጻፊው፤ የእኔንም ጥፋት አትሸፍኚልኝ። መቆጣት ካማረሽ እኔን ተቆጪ። ዝም ልበልሽ ካልሽም ያንቺ ነው፤ እሱን ግን አትተዪው።

ባለቤትሽን ሳሚልኝ፤ የላከልኝ የእግር ሹራብ ልክ ሆኖኛል በዪው። ትልቁን ልጅ «በትምህርትህ እንዳትለግም አያትህ ብላሃለች» በዪልኝ። ትንሿን ጉንጯን ንከሺልኝ። አማትሽንም እግዜር በጤና ያቆይልኝ፤ ስለ ልጆቹ ሁሌም አመሰግናቸዋለሁ።

ይህን ስታነቡ ሁላችሁም ቆማችሁ ለወንድምሽ ጸልዩለት። እናቱን ላለማስቀየም የገባ ልጅ ነውና ነፍሱን በሰፊ ቦታ ያሳርፍልን በሉ። የእኔን ስም ከጸሎታችሁ ብትተዉት አልቀየምም። የእሱን ግን አትርሱብኝ።

እናትሽ
ከቤት፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ቅዳሜ ጠዋት