የልጄ ጋቢ በመርማሪው ትከሻ

ኅዳር 14 ቀን 1972 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ጣቱ ይቆረጥና፣ ከጎንደር የመጣው ተቆጣጣሪ እኔ የጠረግሁትን የመርማሪዎች ቢሮ በጣቱ እየዳሰሰ አቧራ ሲፈልግ ዋለ። ግድግዳው ላይ ጋቢ አየ።

«ይሄ የማን ነው?»

የልጄ ነው። ልጄን ታስሮ ከነበረበት ከዚያው ጣቢያ ወደማላውቀው ቦታ ሲወስዱት ጋቢው ቀረ። «ልብሱን ውሰዱ» የተባለ ቤት ሁሉ ለቅሶ ተቀምጧልና፣ እዚያው ይሰንብት ብዬ መርማሪዎቹን ለምኜ ነበር።

ከመርማሪዎቹ አሥር አለቃው ፈጥኖ «የኔ ነው፣ ጓድ። ለብርድ ነው» አለ።

«ታዲያ ልበሰዋ! ወይስ ግድግዳው በርዶት ነው?»

ለብሶት ዋለ። ከኋላው ስጠርግ ትከሻው ልጄን መሰለኝ፤ ምነው ባልዞረ አልሁ።

ስንወጣ አጥፎ ሰጠኝ። «እማማ፣ ሰውዬው እስኪሄድ ቤትዎ ይደብቁልን።»

አቅፌው ተቀምጫለሁ። ይውሰዱት አላለኝም። ይደብቁልን ነው ያለኝ።