የቅዳሜው አዳራሽ እንዲከፈትና የቃልኪዳን መርዶ ለልጆቹ እንዲነገር

ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለደንገል የልጆችና ወጣቶች ማዕከል ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ ወ/ሮ የብርጓል፣ የማዕከሉ ኃላፊ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የልጆችን የቅዳሜ ስብሰባ በጎ ፈቃደኛ ተማሪዎች እንድንመራ እንዲፈቀድልንና ልጆቹ እውነቱን እንዲያውቁ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ምሥጋና አንዳርጋቸው የፋሲሎ ነዋሪና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ ዐሥራ ስድስት ነው። ዕድሜዬን ከወዲሁ የጻፍሁት ጽሕፈት ቤትዎ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን መሆኑን ስለተማርሁ ነው። የማዕከሉን የቅዳሜ ስብሰባ ለሦስት ዓመት የመራችው ቃልኪዳን አንዳርጋቸው ታላቅ እኅቴ ነበረች። ጥቅምት 8 ቀን፣ ሦስት ቀን ብቻ ታማ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ አረፈች። «ነበረች» የሚለውን ቃል በማዕከሉ ግቢ ውስጥ ድምፅ አውጥቶ መናገር ስለማይፈቀድ በጽሑፍ ማቅረቡን መርጫለሁ።

1. ሳላመሰግን ወደ ቅሬታ ብገባ ነውር ነው። በቀብሯ ዕለት እርስዎ ራስዎ ተገኝተው «ገና በዐሥራ አምስት ዓመቷ ሃያ ሦስት ልጆችን መምራት የጀመረች ጀግና» ብለው ሲናገሩ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ከሳምንት በኋላ እኔ፣ የዘጠነኛ ክፍሏ ፅጌ ማርያምና የዐሥራ አንደኛ ክፍሉ ፍቅረ ማርያም ሥራዋን እንቀጥል ብለን ስናመለክት «ዕድሜያቸው ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላ ስብሰባ መምራት አይችሉም» የሚል ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰን። ዐሥራ አምስት ዓመት በመቃብር አፍ ላይ ሲነገር ጀግንነት፣ በማመልከቻ ላይ ሲጻፍ ጉድለት የሚሆንበትን አንቀጽ ሦስታችንም ፈልገን አላገኘነውም። ለመምራት የሚያበቃው መሞት ከሆነ ግን ከወዲሁ ይገለጽልን፤ ለእናቴ ቀስ ብዬ መንገር ይኖርብኛል።

2. ማዕከሉ ልጆቹን ባዶ አልተወም። ጥቅምት 12 ቀን የሥልጠና ባለሙያው አቶ መርስዔ ኀዘን ስብሰባውን መሩ። እኔም በመስኮት በኩል ተከታትያለሁ። ስለ ስብዕና ግንባታ ከተዘጋጀው መመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል አነበቡላቸው። ከአድማጮቹ ትልቁ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ትንሿ የፊት ጥርሶቿን እየጠበቀች ነው። ቀጥሎም ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ አስመረጡ። ጸሐፊ ሆና የተመረጠችው ልጅ ፊደል የቆጠረችው እስከ «ሸ» ድረስ ስለሆነ ቃለ ጉባኤው አጠር ማለቱ አይደንቅም። በመጨረሻ «ጥያቄ ያለው» ሲባል አንዱ ሽንት ቤት መሄድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ፤ ጥያቄው ከርእሱ ጋር የተያያዘ እንዲሆን ተነገረው። ሁለተኛው ጥያቄ «እትዬ ኪዲስ የት አለች?» የሚል ነበር። አቶ መርስዔ ኀዘን መመሪያቸውን አገላብጠው መልሱን ስላላገኙ «ለትምህርት ጎርጎራ ሄዳለች» አሉ።

3. በዚህ እሳቸውን አልከስም። መርዶ እንደ ማስታወቂያ በድንገት እንደማይነገር እኔም አውቃለሁ። ዱርቤቴ ያለችው አክስታችን የእኅቴን ሞት እስክትሰማ አራት ቀን ተደብቆባታል። በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ሄደው፣ ጎረቤቷን ቀስቅሰው፣ አስቀምጠው ነገሯት። መርዶ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ማዕከሉ ከባህላችን የወሰደው ግማሹን ነው፤ መደበቁን። ሽማግሌዎቹ እስካሁን መንገድ ላይ ናቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ ተቆለፈ። «አስተባባሪዋ ለትምህርት በመሄዷ ብቁ አስተባባሪ እስኪመደብ ስብሰባ የለም» የሚል ወረቀትም በሩ ላይ ተለጠፈ። የአዳራሹን የተሰበረ መስኮት ለማስጠገን እኅቴ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች፤ በሩን ለመቆለፍ ግን ሰባት ቀን ብቻ በቂ ሆነ። ስለ ቅልጥፍናው አድናቆቴን እገልጻለሁ።

4. ከዚህ በታች ያለው የእኔ ጥፋት ነው፤ ማዕከሉን አይመለከትም።

ከልጆቹ አንዱ የሰባት ዓመቱ ሀዲስ ነው። እኅቴ ስብሰባውን የምትከፍተው በእንቆቅልሽ ነበር። ሀዲስ ዓይን አፋር ስለሆነ ለሦስት ወር አንድም እንቆቅልሽ አልፈታም፤ መልሱ የጠፋበት ደግሞ አገር መስጠት ስላለበት እሱ ሁሌም አገር ይሰጥ ነበር። አዴትን ሰጠ፣ ዱርቤቴን ሰጠ፣ መርዓዊን ሰጠ። አገር ሲሰጥ ድምፁ እየጎላ መጣ፤ እኅቴም ይህን ስላወቀች ሆን ብላ ከባድ ከባዱን ትጠይቀው ነበር። ይህ በየትኛውም መመሪያ ውስጥ የለም።

በኅዳር መጀመሪያ ሀዲስ በደብተር ወረቀት ፊደል እየለቀመ ደብዳቤ ጽፎ «ለእትዬ ኪዲ ላክልኝ» ብሎ ሰጠኝ። መቼ እንደምትመጣ ይጠይቃል። ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። በሦስተኛው ቀን የእኅቴን እጅ ጽሕፈት አስመስዬ መለስሁለት፤ አነበብሁለትም፦ «ጎበዝ ሁን። ሩቅ አይደለሁም፤ እዚህም ያለው ያው ሐይቅ ነው።» ስጽፈው ጥሩ የጻፍሁ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 11 ቀን፣ እሑድ ማለዳ፣ ሀዲስ ብቻውን ወደቡ ላይ ተገኘ። የጎርጎራ ጀልባ ላይ ሊወጣ አንድ እግሩን ካነሣ በኋላ ነው አንድ ጀልባ ቀዛፊ በኮሌታው የያዙት። «የማን ልጅ ነህ? ውኃ ሊበላህ ነው?» ብለው ሲቆጡት ያለውን ቀዛፊው ራሳቸው ነግረውኛል፦ «ጎርጎራን እኔ ነኝ የሰጠኋት፤ ስለሰጠኋት ነው የሄደችው። ልመልሳት ነው።»

እውነት ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጣት አገር ጎርጎራ ነበር። አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ሊያውቁ አይችሉም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር፤ አውቄም ጻፍሁለት።

ማዕከሉ በማግሥቱ «ሕፃናት ያለ ወላጅ ወደ ወደብ መሄድ ክልክል ነው» የሚል ሁለተኛ ወረቀት በተቆለፈው በር ላይ ለጥፏል። ከልጆቹ ውስጥ አንብበው የሚረዱት አራቱ ናቸው። ሀዲስ ከአራቱ አይደለም።

5. ኅዳር 17 ቀን፣ ቅዳሜ፣ የእኅቴ ዐርባ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በማዕከሉ በር አለፍን። ዐሥራ አንድ ልጆች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ስብሰባ እንደሌለ ለአምስተኛ ጊዜ ሊሰሙ ነው። እናቴ ከተዝካሩ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። የምን ዳቦ እንደሆነ አልነገርናቸውም። አንዷ እየበላች «እትዬ ኪዲ ናት የላከችው?» አለችኝ። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ቀድማን ሄደች። ልጅቷ አሁንም መልስ እየጠበቀች ነው።

6. ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሦስታችን ልጆቹን ለሦስት ተከፋፍለን እንድንይዝ ይፈቀድልን። እኅቴ እንደምታደርገው ወንበር ላይ ሳይሆን ምንጣፍ ላይ አብረናቸው እንቀመጣለን፤ የቤት ሥራ የከበደውን እናግዛለን፤ የተጣላውን እናስታርቃለን፤ ሲያልቅ አስፋልቱን አሻግረን በየቤታቸው እናደርሳለን። ፅጌ ማርያም ትንንሾቹን ትይዛለች፤ የተኳረፉትን በአምስት ደቂቃ ታስቃለች፤ ይህንን ያላየ አያምንም። ፍቅረ ማርያም ኳስ ያጫውታል፤ ሆን ብሎ መሸነፍም ያውቅበታል። እኔ እንቆቅልሹን እይዛለሁ። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ከርእሱ ጋር ሳያያይዝ ይሄዳል።

ሕጉ ትልቅ ሰው ይኑር የሚል ከሆነ ይኑር፤ እኛም እንፈልጋለን። ትልቅ ልጅ የሚችለው አለ፣ የማይችለውም አለ፤ ልጅ ቢታመም ወይም በቤቱ ችግር ቢኖር ለእኛ ይከብዳል። አቶ መርስዔ ኀዘን ቢመጡ ጥሩ ወንበር እናዘጋጅላቸዋለን። መመሪያቸውንም ይዘው ይምጡ፤ በልባቸው ያንብቡት።

7. ከሁሉ በፊት ግን ኅዳር 24 ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለልጆቹ እውነቱን እንድንነግራቸው አዳራሹ ይከፈት። የወላጆችን ቤት አንድ በአንድ ዞረናል። ዐሥራ ዘጠኙ ተስማምተዋል፤ ሁለቱ «እናስብበት» ብለዋል፤ ሁለቱን አላገኘናቸውም። የሀዲስ እናት ወ/ሮ እናትዓለም «እኔ ብነግረው ለማስፈራራት ነው ብሎ አያምነኝም፤ ደብዳቤውን የጻፍህለት አንተ ንገረው» ብለውኛል። ልክ ናቸው። አገር በመስጠት ሰው እንደማይሞት ከእኔ መስማት አለበት።

እርስዎም ቢገኙልን እንወዳለን። በቀብሩ ላይ የተናገሩት ንግግር ጥሩ ነበር፤ እዚያ ያልነበሩት እነዚህ ልጆች ብቻ ናቸው።

ቁልፉ ባይፈቀድልን እዚያው ደረጃው ላይ እንነግራቸዋለን፤ ወላጆቻቸውም ይመጣሉ። ቢሆንም ውጭ አናድርገው ብዬ እለምንዎታለሁ። መርዶ የሚሰማ ሰው የሚቀመጥበት ያስፈልገዋል። የደረጃው ሲሚንቶ በኅዳር ይቀዘቅዛል፤ ምንጣፎቹም ያሉት ውስጥ ነው።

ለእርስዎ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ምሥጋና አንዳርጋቸው
የቃልኪዳን ወንድም