በሩ የመለሰኝ ቀን

ውድ ጋሼ ግቡ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደረጃ መውጣት እንደተዉ ልጅዎ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል እንጂ ሥራውን አላቆመም።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ነገር አለ። ባንካችን ሊታደስ ነው፤ የሚዞረው በርዎ ቅዳሜ ይነቀላል። ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። «እናቴ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡት በየት ይግቡ?» አለኝ። እውነቱን ነው።

እርስዎ ስለ ሕንፃው የነገሩኝን ለአዲሶቹ ጽዳቶች እያወራሁላቸው ነው። ድሮ በሩ እንደማንኛውም በር ባለ ሁለት ተካፋች እንደነበር፣ ነፋስ በገባ ቁጥር የገንዘብ ያዦቹን ወረቀት እየበተነ ስላስቸገረ የሚዞረውን እንዳመጡት። ኋላ ባንኩ ተዘግቶ ቤቱ የእህል መጋዘን ሲሆን፣ በሩ ጆንያ አላሳልፍ ስላለ በመስኮት ያስገቡ እንደነበር። ሊነቅሉት ሲመጡ እርስዎ፣ ያኔ ገና ጎረምሳ ዘበኛ፣ «እኔንም አብራችሁ ንቀሉኝ» ብለው ፊቱ እንደቆሙ። ባንኩ ሲመለስ በሩም እርስዎም እዚያው ጠበቃችሁት።

የራሴን ግን አልነገርኳቸውም። ይስቁብኛላ!

ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልሞላውም ነበር። ልጄን ጎረቤት ትቼ፣ የተዋስኩትን ጫማ አድርጌ ለጽዳት ሥራ መጣሁ። በሩን ገፋሁ፣ ዞረ፣ አብሬው ዞርኩ፤ ቀና ስል መንገዱ ላይ ነኝ። እንዲህ ያለ በር መች አይቼ! አልፈለጉኝም ብዬ እንባዬን እየጠረግሁ ወደ አውቶቡሱ አመራሁ።

እርስዎ ቆብዎን በእጅዎ ይዘው እያለከለኩ ደረሱብኝ።

«አንቺ! ወዴት ነው?»

«መለሱኝ፣ ጋሼ።»

«ማን መለሰሽ?»

«በሩ።»

የመብራት እንጨቱን ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና ፊቴን ሲያዩ ሳቅዎን ዋጥ አደረጉ። «የኔ እህት፣ ይሄ በር ቀጥሮም አባሮም አያውቅ። ዟሪት! ነይ።» ከበሩ አንዱ ክፍል ውስጥ ተጣብበን ገባን። «ግቢ ስልሽ ትወጫለሽ» አሉኝ፤ ግራ ገባኝ፣ ግን «ግቢ!» ሲሉ ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝና አዳራሹ መሃል ቆምኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ጋሼ፣ ያን ቀን ባይሮጡ ኖሮ አውቶቡሱ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ያቺ ጎረቤት የተውኳት ልጄ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የሰው ልጅ ትቀበላለች። እንጀራዬን ያገኘሁት በእርስዎ ሩጫ ነው። ይህን ፊት ለፊት መናገር ነበረብኝ፤ ስንገናኝ ግን ጨዋታው እየቀደመኝ ቀረ።

ከልጅዎ ጋር ተማክረናል። ቅዳሜ ማለዳ፣ ነቃዮቹ ሳይደርሱ፣ በመኪና ታመጣዎታለች። የበሩን ናስ ዛሬ እንደ መስታወት ወልውዬዋለሁ። እርስዎ እጅዎን ጣል ያድርጉበት እንጂ የምገፋው እኔ ነኝ። ምናልባት ጉልበትዎ ዘግየት ብሎ በሩ ወደ መንገድ ቢመልስዎ፣ መለሱኝ ብለው የትም እንዳይሄዱ።

ሮጬ እደርሳለሁ።

ያችው ዟሪትዎ