ስለ መጨረሻው ሮዝ መታጠቢያ ቤት

ለክቡር ሚስተር ግሬገሪ ስታንፊልድ
የክሬስት ሆሎው የቤቶች ማኅበር የቦርድ ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤንነትዎ እንደ ድሮው ሲሚንቶ የጠና፣ እንደ አዲሱ ሴራሚክም በአራተኛው ዓመት የማይላቀቅ ይሆን ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጭምር የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ የቦርድዎ ውሳኔ የተለጠፈው እዚያው ስለሆነ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ ነው።

ባያስታውሱኝ አልፈርድብዎትም፤ የሥራ ብዛት አለብዎት። በቤት ቁጥር ሠላሳ አንድ የምኖረው ሎሬይን ዱዳሽ ነኝ። ባለቤቴ ኤሚል ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እርስዎ የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ከጅረቱ ጭቃ ወጥተው፣ እናትዎ እንዳይቆጡዎት ፈርተው እያለቀሱ ቤቴ በመጡ ጊዜ፣ ከጆሮዎ ጀርባ ሳይቀር አሽቼ ያጠብኩዎት እኔ ነኝ። ያጠብኩዎትም ዛሬ ቦርድዎ «ለማኅበራችን ገጽታ የማይመጥን» ባለው በዚያው ሮዝ ገንዳ ውስጥ ነበር። በዚያን ዕለት ስለ ቀለሙ ያቀረቡት ቅሬታ እንደነበረ አላስታውስም።

በተከበረው ውሳኔያችሁ እንደተገለጸው፣ የማኅበራችን ስልሳ አራት ቤቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ነጭና ግራጫ መታጠቢያ ቤት ሊኖራቸው ይገባል። ስልሳ ሦስቱ ታድሰዋል። የቀረው የኔ ነው። እስከ ጁን አሥራ አምስት ድረስ በፈቃዴ በሬን ካልከፈትኩ ደግሞ የቦርዱ ሠራተኞች በማኅበሩ ቁልፍ ገብተው ያፈርሱታል። ለዚህ ሁሉ አሳቢነት ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ቦርዱ በቁጥር ያልተከፋፈለ ነገር እንደማያነብ በልምድ ስለማውቅ።

፩ኛ. «ገለልተኛ ቀለም» የሚለውን አዲስ ቃል ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ሮዝ ከማን ጋር ተጣልቶ ገለልተኛ እንዳስፈለገ እስካሁን ባይገባኝም፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ኖሬም አዲስ ነገር መማሬ አስደስቶኛል። እኔ በበኩሌ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት በሮዙ ግድግዳ መካከል ቆሜ መስታወት ሳይ ቀለሙ ፊቴ ላይ ያርፍና ሌሊቱን ጥሩ እንቅልፍ የተኛች ሴት እመስላለሁ። በጎረቤቴ በፊሊስ አዲስ ግራጫ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሴን ያየሁ ዕለት ግን ሊገንዙኝ የቆሙ መስሎኝ እጄን ሳልታጠብ ወጣሁ። መስታወት ለወጣት እውነቱን ይንገረው፤ ለኔ ትንሽ ቢዋሽልኝ ምን ይጎዳችኋል?

፪ኛ. ባለፈው ወር ለልኬታ ስለላካችኋቸው ሁለት ባለሙያዎች አመሰግናለሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። ታላቁ፣ ድዌይን የሚባለው፣ ከሴራሚኩ ሥር ያለውን ለማየት በመሮ አንዲት ጥግ መታ። ደግሞ መታ። መሮው ታጠፈ። ሥሩ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ሲሚንቶ ነው፤ ውስጡ ደግሞ የሽቦ መረብ አለ።

«እማማ፣» አለኝ ላቡን እየጠረገ፣ «ይኼን የሠራው ሰው አፍራሽ ጠላት ነበረው እንዴ?»

«አይ ልጄ፣» አልኩት፣ «ድጋሚ መጥቶ መሥራት የሚጠላ ሰው ነበር።»

በሲሚንቶው ተስፋ ሲቆርጡ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችውን የመድኃኒት ሳጥን ነቀሉ። ያን ጊዜ ነው ከግድግዳው ውስጥ የዛገ ምላጭ እንደ በቆሎ እየተንኮሻኮሸ ወለሉ ላይ የፈሰሰው።

«ኧረ ናማ እይ!» አለ ድዌይን ለጓደኛው። «ግድግዳው ጢሙን ሲላጭ ኖሯል!»

ከሳምንት በኋላ ከቦርድዎ «በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ውስጥ አደገኛና ስለታም ቆሻሻ ስለማከማቸት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ጥፋቴን አምናለሁ፤ አባሪዎቼን ግን ልጠቁም። የስልሳ አራቱም ቤቶች የመድኃኒት ሳጥን ጀርባው ላይ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። ባሎቻችን ተላጭተው ሲጨርሱ አሮጌውን ምላጭ በዚያች ቀዳዳ ይጥሉ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድ አንድም ወንድ ጠይቆ አያውቅም። ሰማይ ቤት የሚሄድ ሳይመስላቸው አልቀረም። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ የኛ ግን ምላጭ ነበረው። የኤሚልን አርባ አምስት ዓመት ከወለሉ ላይ በእጄ ለቀምኩት። አንዱ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት ግን ስለ ጣቴ አልነበረም። የአባትዎም ምላጭ በቤት ቁጥር አሥራ ሁለት ግድግዳ ውስጥ ነበር። ያ ግድግዳ ሲፈርስ ከፍርስራሹ ጋር በመኪና ተጭኖ ሲሄድ በመስኮቴ አይቻለሁ። ያልነገርኩዎት ስለማይመለከተኝ ነበር።

፫ኛ. «ምርጫውን ለባለሙያ መተው» የሚለውን አንቀጽ በተመለከተ፣ ለእርስዎ ትውልድ ያልተነገረ አንድ ታሪክ እንዳካፍል ይፈቀድልኝ። በ1956 እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ ውሉን የፈረሙት ባሎቻችን ናቸው። ማሞቂያውን፣ ጣሪያውን፣ ጋራዡን የመረጡት እነሱ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ግን ሚስቶቹ ብቻ ወደ ሥራ ተቋራጩ ቢሮ ተጠራን። አንድ ቀጭን ሰውዬ ሦስት ሴራሚክ የተለጠፈበት ጣውላ አቀረበልኝ፤ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሮዝ። «እሜቴ፣ የቱ ይሻልዎታል?» አለኝ። እኔ ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ነበርኩ፤ እስከዚያች ቀን ይህን ስለሚያህል ነገር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የዓለም ጦርነቱን ዘመን ያሳለፍነው በግራጫ ካፖርትና በግራጫ ብርድ ልብስ ነው። ሮዙን ጠቆምኩ። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት እናትዎ ሚስስ ቬርና ነበሩ፤ እሳቸውም ሮዙን ነበር የጠቆሙት። ከዚያ ተያይዘን እየሳቅን ወደ ቤት ሄድን።

ኤሚል ሲያየው «ሎሬይን፣ ይኼ መታጠቢያ ቤት ነው ኬክ ቤት?» አለኝ። እስኪሞት ድረስ ግን በየጠዋቱ እዚያው እያንጎራጎረ ነው የተላጨው።

፬ኛ. እድሳቱን ከወላጅ እናትዎ ቤት በመጀመር ለሁላችንም አርአያ ስለሆኑ አመሰግናለሁ። «ገንዳ ውስጥ ትወድቅብኛለች» ብለው ሰግተው ገንዳቸውን በሁለት ቀን አውጥተው ጣሉላቸው፤ በምትኩ የመስታወት ሻወር አቆሙላቸው። የልጅ ስጋት ነው፣ አልነቅፈውም። ኤሚል ግን ለዚሁ ስጋት ከገንዳችን አጠገብ ሲሚንቶው ውስጥ የእጅ መደገፊያ ብረት ቀበረልኝ፤ ፈረስ ቢጎትተው አይነቀልም። ፊሊስ ደግሞ ስለ አዲሱ ሻወሯ «ሎሬይን ሙቺ፣ እዚያ ውስጥ ስቆም መኪና ማጠቢያ የገባሁ ነው የሚመስለኝ፤ ጎማዬን እስኪያዩልኝ እጠብቃለሁ» ትላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ ፊሊስ ራሷ አለመጣሏ ነው፤ የጣላችሁላት እናንተ ናችሁ።

፭ኛ. በፀደዩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አውጥቼ ስናገር ስላቋረጡኝ አመሰግናለሁ፤ እግሬን አሞኝ ስለነበር ቶሎ መቀመጤ ጠቅሞኛል። ያኔ በማይክሮፎን «ሎሬይን፣ ጊዜው አልፎበታል እኮ! ለመሆኑ ዛሬ ማነው በሮዝ ገንዳ የሚታጠበው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁት መካከል አብዛኞቹ ሮዝ ገንዳ ውስጥ ያደጉ ናቸው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጫማቸውን እያዩ ያልሳቁ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ከመድረክ ላይ ሆነው አላስተዋሏቸው ይሆናል።

ልመናዬ አጭር ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ ይህ ማኅበር የቀረው ሮዝ መታጠቢያ ቤት አንድ ነው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይቆይ። ስሞት ቁልፉ በእጃችሁ ነው፤ መሮ ግን በርከት አድርጋችሁ ያዙ።

ለማኅበራችን ውበት ሌት ተቀን የሚደክመው ቦርድዎ ዕድሜው ይርዘም እያልኩ፣ ከጆሮዎ ጀርባ ያለውን ጭቃ ከሚያውቀው እጄ የማክበር ሰላምታዬ ይድረስዎ።

ሁልጊዜም ጎረቤትዎ፣
ሎሬይን ዱዳሽ
ቤት ቁጥር ፴፩

ሳልረሳው፦ በጉባኤው ላይ «ማነው የሚታጠበው?» ብለው ለጠየቁኝ መልስ አልሰጠሁም ነበር። እናትዎ ናቸው። ማክሰኞና ዓርብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የስፌት ቡድን እሄዳለሁ ብለውዎት የሚወጡት እኔ ዘንድ ነው፤ ከስፌት የሚመለስ ሰው ፀጉሩ ለምን እርጥብ እንደሚሆን ጠይቀው አያውቁም መሰለኝ። የኤሚልን ብረት ይዘው ይገባሉ፤ እስከ አገጫቸው ውሃው ውስጥ ሰምጠው ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይዘፍናሉ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፤ ጁን አሥራ አምስት ማክሰኞ ላይ እንደሚውል ስነግራቸው ግን «እንግዲያው ንገሪው፤ እኔ እንደሆነ ከውሃው አልወጣም!» አሉኝ። ስለዚህ ሠራተኞቹን ሲልኩ አብረው ቢመጡ መልካም ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፣ እሳቸውም ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ጠንከር አድርገው ያንኳኩ። ሲሰሙዎት «እማዬ፣ የቱ ይሻልሻል?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የጠየቃቸው የለም።